ውኃውን ከአተላው፦ ሜምብሬን ባዮሪያክተር እንዴት እንደሚሠራ፣ ለጎንደርስ የት እንደሚሆናት

ሊጥ አቡክታ የምታሳድር ሴት የፍሳሽ ማጣሪያን ሳይንስ ግማሹን በእጇ ይዛዋለች። በእርሾ የተቦካው ጤፍ ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ክዳኑ ሲነሣ ሁለት ቦታ ተለይቶ ይገኛል፤ ወፍራሙ ከታች ተኝቷል፣ ወደ ቢጫ የሚያደላው ውኃ ከላይ ቆሟል። ውኃውን ቀስ ብላ ትቀንሳለች፣ ለሚቀጥለው ቡኮ የሚሆን እርሾ ታስቀራለች፣ ሊጡንም አብሲት ጥላበት ትጋግራለች። በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ሠሩላት፤ ሥራቸውን ሲጨርሱ ወፍራሙ ዘቀጠ፤ ከእነርሱም ጥቂቶቹ ለነገ ተረፉ።

እ.ኤ.አ. በ1914 ኤድዋርድ አርደርን እና ዊልያም ሎኬት የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች እንግሊዝ አገር ማንችስተር ውስጥ በከተማው ፍሳሽ ላይ ያደረጉት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ፍሳሹን በዕቃ ቀድተው አየር ነፉበት። ባክቴሪያዎቹ ቆሻሻውን እየተመገቡ በዙ። አየሩ ሲቆም እርስ በርሳቸው እየተያያዙ ወደ ታች ዘቀጡ። ሰዎቹ ከላይ የቀረውን ጥርት ያለ ውኃ ደፍተው፣ ዝቃጩን እንደ እርሾ አስቀርተው፣ አዲስ ፍሳሽ ጨመሩበት። ይህ በተደጋገመ ቁጥር ዝቃጩ እየበረታ ሄደ፤ መጀመሪያ ሳምንታት የፈጀው ሥራ በሰዓታት የሚያልቅ ሆነ። ዛሬም ብዙዎቹ የዓለም ትልልቅ ከተሞች ፍሳሻቸውን የሚያጣሩት በዚሁ ዘዴ ነው።

ችግሩ ያለው መዝቀጡ ላይ ነው። ዝቃጭ አልዘቅጥም የሚልበት ጊዜ አለ። እንደ ክር የሚረዝሙ ባክቴሪያዎች ሲበዙበት እንደ ተባዘተ ጥጥ ይነፋል፤ ወደ ታች በመውረድ ፋንታ ይንሳፈፍና ከተጣራው ውኃ ጋር አብሮ ወደ ወንዝ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ማጣሪያው ቆሻሻ ማሳለፉ ብቻ ሳይሆን ሠራተኞቹን፣ ባክቴሪያዎቹን ራሳቸውን እያጣ ነው። ይህ እንዳይደርስ መሐንዲሶች ዝቃጩን ቀጠን አድርገው ይይዙታል፤ በአንድ ሊትር ከ2 እስከ 4 ግራም ገደማ። ማዝቀጫ ገንዳውንም ሰፋ ያደርጉታል። ሰፊ ገንዳ ደግሞ ሰፊ መሬት ይፈልጋል።

ሜምብሬን ባዮሪያክተር ዝቃጩ እስኪዘቅጥ መጠበቅን ያስቀረ ዘዴ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ሁለት ነው። ባዮሪያክተር ማለት ሕይወት ያላቸው ፍጥረታት የሚሠሩበት ገንዳ ነው፤ ሜምብሬን ደግሞ እጅግ ረቂቅ ቀዳዳ ያለው ወንፊት። እዚህ ላይ ከሊጥ ወደ ጠላ እንለፍ። ጠላዋ በራሷ እስክትጠራ የምትጠብቅ አለች፤ ጉሹን በጨርቅ አጥልላ ወዲያውኑ የምታቀርብም አለች። ሁለተኛዋ አተላው ዘቀጠም አልዘቀጠም ግድ የላትም፤ ማጥለያዋ ይይዝላታል። የሜምብሬን ሐሳብ ይኸው ነው፦ ባክቴሪያዎቹ በገንዳው ውስጥ ሥራቸውን ይሥሩ፣ ውኃው በወንፊቱ በኩል ይውጣ፣ አተላው ከነሠራተኞቹ እዚያው ይቅር።

ልዩነቱ በቀዳዳው መጠን ላይ ነው። አንድ ሚሊሜትር ለሺህ ቢከፈል አንዱ ክፋይ ማይክሮሜትር ይባላል። ለፍሳሽ የሚያገለግሉት ሜምብሬኖች ቀዳዳቸው ባብዛኛው ከ0.04 እስከ 0.4 ማይክሮሜትር ነው። በአንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ርዝመቱ 2 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ ቀዳዳ ማለፍ አይችልም። የወስፋት እንቁላልማ ከ45 ማይክሮሜትር በላይ ነው፤ ለዚህ ወንፊት ድንጋይ እንደ ማለት ነው። አገራችን ውስጥ ስንት ሕፃን በወስፋት ሆዱ ተነፍቶ እንደሚያድግ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር ተራ ቁጥር አይደለም።

ወንፊቱን በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ፤ የክር ጥቅል ነው። አንዷ ክር ከስፓጌቲ አትወፍርም፤ ግን እንደ መኮሮኒ መሐሏ ክፍት ነው። ነጭ ናት፣ ስትነካ ለስላሳ፣ ሲጎትቷት ጠንካራ። እንዲህ ያሉ ሺህ ክሮች በአንድ ማቀፊያ ታስረው ሲንጠለጠሉ ከሩቅ የቄስ ጭራ ይመስላሉ። ጭራው እንዳለ ቡናማ ዝቃጭ ውስጥ ይጠልቃል። በክሮቹ ጫፍ የተገጠመ ፓምፕ በዝግታ ይስባል፤ ውኃው በክሯ ገላ ላይ ባሉት ረቂቅ ቀዳዳዎች ከውጭ ወደ ሆዷ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል። በአንድ በኩል ጭቃ የመሰለ ነገር እያየሁ በሌላ በኩል ከቧንቧዋ ወደ ብርጭቆ የሚወርደውን ውኃ ሳይ ሁለቱ የአንድ ገንዳ መሆናቸውን ለማመን ጊዜ ወስዶብኛል። ሌላም ዓይነት አለ፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ ጎን ለጎን የተደረደረ ጠፍጣፋ ሉህ። ሥራው ያው ነው።

ሐሳቡ የተጀመረው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ሜምብሬኑ ከገንዳው ውጭ ይቀመጥ፣ ዝቃጩም በኃይለኛ ፓምፕ እየተገፋ ይመጣለት ስለነበር የሚፈጀው ኤሌክትሪክ አያዋጣም ነበር። መንገዱን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1989 የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲው ካዙዎ ያማሞቶ ከባልደረቦቹ ጋር የሠራው ሥራ ነው፤ ሜምብሬኑን ራሱን ገንዳው ውስጥ አጠለቁትና በዝግታ ሳቡት። በግድ ከመግፋት ቀስ ብሎ መሳብ ተሻለ።

ለመዝቀጥ መጨነቅ ሲቀር ዝቃጩን ማወፈር ይቻላል፤ በሊትር ከ8 እስከ 12 ግራም። በአንድ ገንዳ ውስጥ ሦስት እጥፍ ሠራተኛ እንደ ማስገባት ነውና ገንዳው ያንሳል፣ ማዝቀጫውም ከነጭራሹ ይቀራል። ሌላም ጥቅም አለ፤ ቀስ ብለው የሚበዙ ባክቴሪያዎች ታጥበው ሳይወጡ ገንዳው ውስጥ ይቆያሉ። ከሽንት የሚመጣውን አሞኒያ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት እነዚህ ናቸው። ከዚያ አየር የሌለው ክፍል ከተጨመረ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለውጡትና ወደ አየር ይሄዳል። ፎስፎረሱን ለመያዝ ባብዛኛው የብረት ወይም የአሉሚኒየም ጨው ይጨመራል፤ የመጠጥ ውኃ ማጣሪያ የሚጠቀምበትን አሉም የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም።

ለእኛ ይህ የናይትሮጅንና የፎስፎረስ ነገር ሩቅ ኬሚስትሪ አይደለም። ጎንደር የተቀመጠችው በአንገረብ እና በቀሃ መሐል ነው። ሁለቱም ወደ መገጭ ይወርዳሉ፣ መገጭም የደንቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የጣናን ዳርቻ የያዘው እምቦጭ የሚወፍረው በእነዚሁ ሁለት ንጥረ ነገሮች ነው። ጥፋቱን በጎንደር ላይ ብቻ መጣል ትክክል አይሆንም፤ ከእርሻ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ ድርሻው ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ እኛ ወደ ቀሃ የምንለቀው ነገር ደንቢያ ላይ ያለው ዓሣ አጥማጅ ታንኳ ሥር እንደሚደርስ ማወቅ አለብን። በልጅነቴ እናቴ ጋቢ ልታጥብ ስትወርድ ተከትያት ቀሃ ውስጥ እንቦራጨቅ ነበር። ዛሬ ልጄን ይዤ እዚያው ቦታ ብሄድ እጁን እይዘዋለሁ እንጂ አልለቀውም።

ከማጣሪያው የሚወጣው ውኃ ምን ያህል ንጹሕ ነው? በደንብ የተያዘ ማጣሪያ ከሆነ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፍ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ባክቴሪያዎች ሲበሉት ኦክስጅን የሚያስጨርሰው ቆሻሻም በሊትር ከ5 ሚሊግራም በታች ይወርዳል። ለአትክልት፣ ለሽንት ቤት ማጠቢያ፣ ለግንባታ ይሆናል። ለመጠጥ ግን አይሆንም፤ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። የተሟሟ ጨው በወንፊቱ ያልፋል። የተሟሟ መድኃኒትም ከፊሉ ያልፋል። ቫይረሶች አብዛኞቹ ክሩ ላይ በሚለጠፈው ስስ ዝቃጭ ይያዛሉ እንጂ ከቀዳዳው የሚያንሱ አሉ፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ክሎሪን ወይም አልትራቫዮሌት ብርሃን ያስፈልጋል። የናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሆክ ከ1968 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፍሳሿን እስከ መጠጥ ውኃ ድረስ ታጣራለች፤ ግን ብዙ ደረጃ ባለው ሌላ ማጣሪያና በየዕለቱ በሚደረግ ጥብቅ ምርመራ ነው።

አሁን መሣሪያውን ይዘን ጎንደር እንግባ። የውጭ አገር መመሪያ የማይነግራችሁ ነገር የሚጀምረው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው ከፍታችን ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በ20 ዲግሪ ሙቀት ባሕር ጠለል ላይ ውኃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ይችላል፤ እዚህ ከ7 ብዙም አይበልጥም። ባክቴሪያዎቹ የሚተነፍሱት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ላለችው የጀርመን ከተማ ለሀምቡርግ የተሠላ አየር መንፊያ፣ ሠራተኞቹ ብሎወር የሚሉት፣ ጎንደር መጥቶ እንደዚያው ሊሠራ አይችልም፤ ከፍ ያለ መመረጥ አለበት። በአንጻሩ ሙቀታችን ደግ ነው። ክረምቱ ውኃን በረዶ በሚያደርግበት አገር ባክቴሪያው ይፈዛል፣ ውኃውም ይወፍርና በክሩ ማለፍ ያስቸግረዋል፤ እኛ ዘንድ ይህ ችግር የለም።

ሁለተኛው የፈረቃ ውኃ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ውኃ በተራ በሚመጣበት ሠፈር ሰው የሚኖረው በሮቶና በጄሪካን ነው፤ ቆጥቦ ይጠቀማል። ያ ማለት ፍሳሹ ጥቂት ግን ወፍራም ነው። ውኃ የመጣ ዕለት ደግሞ ቤቱ ሁሉ ልብስ ያጥባል፣ ገላውን ይታጠባል፣ ወለሉን ይወለውላል፤ የሳምንቱ ፍሳሽ በአንድ ቀን ይመጣል። የቆየው ዘዴ ብዙ ሲመጣበት ቢያንስ አሳልፎ ይለቃል፤ ሜምብሬን ግን ልኩን ያውቃል። አንድ ካሬ ሜትር ወንፊት በሰዓት ከ10 እስከ 25 ሊትር ያህል ያሳልፋል፤ ከዚያ በላይ በግድ ከተሳበ ይደፈናል። ጥር 10 እና 11 ደግሞ አስቡት። ከቀሃ የተጠለፈው ውኃ የፋሲለደስን መዋኛ ሞልቶ፣ ከተማዋ በእንግዳ ተጨናንቃ፣ በሌላ ጊዜ ግማሹ ባዶ የነበረ ሆቴል አንድ አልጋ እንኳ አይተርፈውም። ይህን ያላሰበ ማጣሪያ በጥምቀት ማግስት ይታመማል። መፍትሔው ከማጣሪያው በፊት ፍሳሹን አጠራቅሞ በእኩል መጠን የሚለቅ ገንዳ መሥራት ነው። ዋጋ ለመቀነስ ሲባል መጀመሪያ ከዕቅድ የሚሰረዘውም ይኸው ገንዳ መሆኑ ያሳዝናል።

ሦስተኛው ቅባትና ፀጉር ነው። በወጥ ቤታችን ዘይትና ቅቤ ያልነካው ድስት የለም፤ ቅባቱ ሲቀዘቅዝ ክሩ ላይ ይለጠፍና ቀዳዳውን ይደፍናል። ከመታጠቢያ ቤትና ከፀጉር ቤት የሚመጣው ፀጉር ደግሞ ከሶፍት ጋር ተጠላልፎ በክሮቹ ላይ እንደ ሹሩባ ይጎነጎናል፤ ከተጎነጎነ በኋላ በእጅ እየፈቱ ከማውጣት በቀር ምንም አያደርገውም። ስለዚህ ከፊት ለፊት የቅባት መያዣ ጉድጓድና ክፍተቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር የሆነ ማበጠሪያ ግድ ይላል። ውዱን ሜምብሬን የሚያድነው ይህ ርካሽ ማበጠሪያ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ወንፊቱ መደፈኑ አይቀርም። እያንዳንዱ የሜምብሬን ሠራተኛ የሚዋጋው ጠላት ይህ ነው። ከሥር አየር በትልልቅ አረፋ እየተለቀቀ ክሮቹን ያወዛውዛቸዋል፣ የተለጠፈውን ያራግፋል። በየጥቂት ደቂቃው መሳቡ ለአፍታ ይቆማል፤ በአንዳንዱ ዓይነት ንጹሕ ውኃ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። እንዲህ ሆኖ ያልለቀቀው በበረኪና ይታጠባል፤ ባክቴሪያው ያመነጨውን ልጋግ የሚያስለቅቀው እርሱ ነው። ከውኃው የሚመጣው ካልሲየም ድንጋይ ሆኖ ሲጋገርበት፣ ቡና ማፍያ ጀበና ውስጥ እንደሚጋገረው ማለት ነው፣ የሎሚ አሲድ ያስፈልጋል። በዚህ ዓይነት የተያዘ ሜምብሬን 10 ዓመት ገደማ ያገለግላል። ያልተያዘው ሁለት ክረምትም አይሻገርም።

አየሩ ግን መቋረጥ የለበትም። አንድ ጊዜ የአንድ ሕንፃ ማጣሪያ ለማየት ምድር ቤት ወረድሁ። መሣሪያው አዲስ ነው፤ ቧንቧዎቹ ገና ያብረቀርቃሉ። ሽታው ግን ደረጃው ላይ ተቀበለኝ፤ የተበላሸ እንቁላል ሽታ። ገንዳው ውስጥ ያለው ዝቃጭ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። ጠባቂውን ስጠይቀው በቅንነት ነገረኝ፦ «ኧረ ጋሼ፣ ማታ ማታ ሰው ስለሌለ ብሎወሩን እናጠፋዋለን፤ ቆጣሪው ይሮጣላ።» ማንም አልነገረውም። ያ ገንዳ ውስጥ ያለው ሕይወት መሆኑን፣ ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሽ እንደሚፈልግ፣ ማንም አላስረዳውም። በእርሱ አልፈረድሁም፤ ሚሊዮኖች ለብረቱ አውጥተው ለአንድ ሳምንት ሥልጠና የሳሱትን ግን ዛሬም አልረሳኋቸውም።

ኤሌክትሪኩ በእርግጥ ይፈጃል። አንድ ሜትር ኩብ ፍሳሽ ለማጣራት ትልልቆቹ ማጣሪያዎች ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋሉ፤ ትንንሾቹ ከዚያም ያልፋሉ። አንድ ሺህ ሰው የሚኖርበት የጋራ መኖሪያ ቢኖር፣ እያንዳንዱ በቀን 50 ሊትር ቢያፈስ፣ በቀን 50 ሜትር ኩብ ይሆናል። በካሬ ሜትር በሰዓት 15 ሊትር ብንል 140 ካሬ ሜትር ያህል ሜምብሬን ያስፈልጋል፤ ብዙ ይመስላል እንጂ በክር መልክ ሲታሰር ጥቂት ሜትር ቦታ ይበቃዋል። ኤሌክትሪኩ በቀን 50 ኪሎዋት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተርም ከነነዳጁ መታሰብ አለበት።

ያንኑ ፍሳሽ በኩሬ ማጣራትም ይቻላል። በፀሐይና በጊዜ ብቻ፣ ያለ ብሎወር፣ ያለ በረኪና። ለአንድ ሰው ከ2 እስከ 4 ካሬ ሜትር ገደማ መሬት ይበቃል፤ ለሺህ ሰው ከ2,000 እስከ 4,000 ካሬ ሜትር። ደንገልና ፊላ የተተከለበት ረግረግም እንዲሁ ያጣራል። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሜዳው ሰፊ በሆነበት፣ እኔ ብጠየቅ ያለ ማመንታት ኩሬውን እመርጣለሁ። መሬት ባለበት ቦታ ሜምብሬን ማስገባት በቅሎ እያለ አውሮፕላን መግዛት ነው።

ሜምብሬኑ የሚያምርበት ሌላ ቦታ አለ። ስዊድኖች ስቶክሆልም ውስጥ በዓለት ሆድ ውስጥ ያለውን የሄንሪክስዳል ማጣሪያ በሜምብሬን ማደስ የጀመሩት ከተማው ስለከበበውና ገንዳ የሚጨምሩበት ስፋት ስላልነበራቸው ነው። አዲስ አበባም አንዳንድ የጋራ መኖሪያ ሠፈሮች በዚህ ዓይነት ማጣሪያ ይጠቀማሉ። ጎንደር ኮረብታ ላይ የተሠራች፣ መሐሏ በቅርስ የተያዘ ከተማ ናት። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በዙሪያው ለኩሬ የሚሆን መሬት ማንም አያገኝም፣ ሊያገኝም አይገባም። ትልቅ ሆቴል፣ ሺህ ተማሪ የሚያድርበት ግቢ፣ በተለይም ሆስፒታል፣ በጠባብ ቦታ ላይ ብዙ ሰው ያለበት ሁሉ፣ የሜምብሬን ቦታ እዚያ ነው። ሆስፒታልን «በተለይም» ያልሁት መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ከዚያ ስለሚወጡ ነው፤ ወንዝ ከመድረሳቸው በፊት ወንፊት ላይ ቢቀሩ የሚጠቀመው ታች ያለው መንደር ሁሉ ነው።

አብዛኛው የጎንደር ቤት ግን ዛሬም የሚኖረው በጉድጓድ ሽንት ቤትና በሴፕቲክ ታንክ ነው። ለእርሱ ሜምብሬን መልስ አይደለም። መጣጭ መኪና ያወጣውን ወፍራም ነገር ሜምብሬን ገንዳ ውስጥ መገልበጥ ማጣሪያውን በአንድ ቀን መግደል ነው፤ ያ የሚፈልገው ማድረቂያ መደብና ብስባሽ ማዘጋጃ ነው። ከሜምብሬኑም ቢሆን አተላ ይወጣል። ባክቴሪያዎቹ ይበዛሉና ትርፉ አተላ በየጊዜው መቀነስ አለበት። «ትርፉን አተላ የት ነው የምትወስዱት?» ተብሎ ተጠይቆ አፉን የያዘ ሻጭ ካጋጠማችሁ ውል አትፈርሙ።

የተሠራ ማጣሪያ የማየት ዕድል ካገኛችሁ ደግሞ የሚወጣውን ጥሩ ውኃ ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። ከገንዳው ውስጥ በብርጭቆ ይቀዱላችሁ። ቀለሙን በብርሃን እዩት፣ ከዚያ ቀረብ ብላችሁ አሽትቱት፤ አትፍሩት። ጥቁር ሆኖ ከከረፋ አየር አጥቷል። ቡናማ ሆኖ ሽታው የሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ ያረፈበት አፈር ከመሰለ፣ ውስጡ ያሉት ሁሉ በሕይወት አሉ፤ እየሠሩ ነው።